አዲስ ምሩቅ ነኝ፤ ሰበታ መስመር ሰብስቴሽን ላይ የአንድ ዓመት ሥልጠና ተገኘልኝ፣ ልግባ?

ጠያቂዋ (ከኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ። ዘንድሮ በኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ በፓወር ዘርፍ ተመርቄያለሁ፤ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፌያለሁ። ከወላጆቼ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ብዙ ቦታ ሲቪ ካስገባሁ በኋላ አሁን ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። አንደኛው ሰበታ መስመር የ230 ኪሎቮልት ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) ማስፋፊያ የያዘ ኮንትራክተር ነው፤ «ሠልጣኝ መሐንዲስ» ብሎ ለአንድ ዓመት ሊወስደኝ ይፈልጋል። የሚከፍለው ደመወዝ ሳይሆን የትራንስፖርትና የምሳ አበል ነው። ቴምፖዬንም (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬን) ኦሪጂናሉን ዓመቱ እስኪያልቅ እንደ መያዣ እንዳስቀምጥ ጠይቀዋል። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ ያለ የሶላር ዕቃ አስመጪ ነው፤ መጠነኛ ደመወዝ አለው፣ ሥራው ግን በአብዛኛው ሽያጭ ነው።

ልቤ ያለው ሰብስቴሽኑ ላይ ነው። እናቴ ግን ስለ መንገዱም ስለ ኤሌክትሪኩም እንቅልፍ አጥታለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልጠይቅ?

የሪሌይ ሰው፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የማስፋፊያ ሥራ ላይ መግባት ለጀማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ሥራ ላይ ባለ ጣቢያ ተረኛ ሆነሽ ብትገቢ ብሬከር (ኃይሉን የሚያቋርጠው ትልቁ ማብሪያ ማጥፊያ) ተከፍቶ ውስጡ ሲታይ፣ ትራንስፎርመር ሲፈተሽ ለማየት ብዙ ትጠብቂያለሽ። ማስፋፊያ ላይ ግን መሠረቱ ከሚቆፈርበትና ምድር ውስጥ የኧርዝ መረቡ (ዕቃዎቹን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) ከሚዘረጋበት ጀምሮ እስከ ኮሚሽኒንግ (ተፈትሾ ሥራ እስከማስጀመር) ድረስ ሁሉም በዓይንሽ ፊት ያልፋል። የትራንስፎርመሩ ሬሾ (ቮልቴጁን በስንት እጥፍ እንደሚቀይር) ይለካል፣ ዘይቱ ስንት ኪሎቮልት እንደሚችል ይፈተሻል፣ የብሬከሩ ኮንታክት በማይክሮ ኦም ይለካል፣ ሪሌዩ (ችግር ሲያይ ብሬከሩን እንዲቆርጥ የሚያዘው መሣሪያ) ሴት ይደረጋል። ክፍል ውስጥ የዲስታንስ ሪሌይ (ችግሩ በመስመሩ ላይ ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው) ዞን 1፣ ማለትም ሳይዘገይ የሚቆርጥበት ክልል፣ የመስመሩን 80 በመቶ ገደማ ይሸፍናል ተብለሽ ይሆናል። ለምን 100 በመቶ እንዳልሆነ የሚገባሽ ሲቲውም (የከረንት መለኪያ ትራንስፎርመሩ)፣ ፒቲውም (የቮልቴጅ መለኪያ ትራንስፎርመሩ)፣ የመስመሩ ኢምፒዳንስ ስሌትም የራሳቸው ስህተት እንዳላቸው በመለኪያ ስታዪው ነው። ቀሪውን ዞን 2 ጥቂት ዘግይቶ ይይዘዋል።

አሁኑኑ በልብሽ እንድትይዢው የምፈልገው ነገር አለ። ጭነት ላይ ያለ ሲቲ ሰከንደሪው (ወደ ሪሌዩና ወደ መለኪያው የሚሄደው ወገን) ፈጽሞ አይከፈትም። ሰከንደሪው ሲከፈት የፕራይመሪው (የዋናው መስመር ወገን) ከረንት በሙሉ ኮሩን ማግኔት ወደማድረግ ይሄዳል፤ ጫፎቹ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል። ሰው ይገድላል፣ ሲቲውንም ያቃጥላል። ስለዚህ ሪሌይ ከመነካቱ በፊት መጀመሪያ ቴስት ብሎኩ (የመፈተሻ ማገናኛው) ላይ ሲቲው ሾርት ይደረጋል። ይህን ሳያደርግ «ቶሎ ፍቺው» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጅሽን ሰብስበሽ ቁሚ።

ሰው ኃይል ላይ የምሠራ፦
በሙያው በኩል የተባለው ጥሩ ነው፤ እኔ የወረቀቱን ልበል። ቴምፖሽን ለማንም እንዳትሰጪ። ኦሪጂናሉን አሳይተሽ፣ አመሳክረው ኮፒውን ይያዙ። መሥሪያ ቤት ማስረጃሽን የሚፈልገው ለማረጋገጥ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኮፒ በቂ ነው። ዓመቱ መሐል የዜሮ ዓመት ቫካንሲ ቢወጣና ኦሪጂናል አምጪ ብትባዪ በምን ትመዘገቢያለሽ?

ከዚያ የሚብሰው «አበል» የሚለው ቃል ነው። እዚህ አገር የግል ድርጅት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስታቀርቢ የሚጠየቀው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለፍተሽ በስተመጨረሻ «ሥልጠና ወስዳለች» የሚል ወረቀት ቢሰጡሽ ብዙ ቦታ አይቆጠርልሽም። ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ደመወዝ ተብላ በፔሮል ትከፈልሽ፤ በቲን ቁጥርሽ ግብር ይቆረጥ፣ ጡረታም ከአንቺ 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ይግባ። ያኔ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር ያለሽ ሠራተኛ ነሽ፤ የሙከራ ጊዜሽ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ የሠራሽበትን የሚገልጽ ማስረጃም በጠየቅሽ ጊዜ በነጻ ሊሰጡሽ ይገደዳሉ። ንጹሕ የትምህርትና የሥልጠና ውል ግን ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ጉዳት ቢደርስብሽ እንኳ መብትሽ ሌላ ይሆናል። ኢንሹራንስ እንዳለሽ በውሉ ላይ በጽሑፍ እይ። ውሉን እዚያው ቢሮ ቆመሽ አትፈርሚ፤ ቤት ወስደሽ አንብቢው።

ሶላር ሠሪ ከለገጣፎ፦
ሁሉም ወደ ሰብስቴሽን ሲገፋሽ እኔ ትንሽ ልቃወም። ሶላርን አትናቂው። አገራችን በካሬ ሜትር በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ፀሐይ ታገኛለች፤ የመብራት መስመር ያልደረሰው ገጠር ደግሞ ገና ብዙ ነው። የመስኖ ፓምፕ ሳይዝ ማድረግ፣ ባትሪው ስንት በመቶ ይውረድ ብሎ ማስላት፣ ኢንቨርተር መምረጥ ሙሉ የምህንድስና ሥራ ነው። ድርጅቱ ተከላ የሚወጣ ቡድን ካለው «ከቡድኑ ጋር መስክ ውጪ እሆናለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አዎ ካሉሽ ሚዛኑ ይለወጣል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ መንገር ብቻ ከሆነ ግን እኔም ሰበታ ሂጂ እላለሁ።

የዓለም ገናዋ፦
እህቴ፣ እኔ ሳይት ላይ የምሠራ ሴት ነኝ፣ የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል። ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በቀለበት መንገዱ ጀሞ፣ ከጀሞ ዓለም ገና፣ ከዚያ ሰበታ፤ በየቀኑ ደርሶ መልስ ይህ አያዛልቅም። መስመር የሚቋረጥበት ሥራ ደግሞ ጭነት በሚቀንስበት ሰዓት ስለሚያዝ እሑድም ማታም ትሠሪያለሽ። ስለዚህ ሰርቪስ አለ ወይ፣ ማታ ስንወጣ ማን ነው ቤት የሚያደርሰን፣ ብለሽ ጠይቂ። ሰርቪስ ከሌለ ከሥራ ባልደረባ ጋር ዓለም ገና ክፍል ተከራዪ፤ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁ የቤት ኪራዩን ከአበሉ ጋር አስሉት።

ሳይቱ ላይ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ ቤት መኖሩን ሳታፍሪ ጠይቂ። ሴፍቲ ሹዝ በልክሽ ይስጡሽ፤ የወንድ ትልቅ ጫማ አድርገሽ መሰላል ላይ መውጣት በራሱ አደጋ ነው። ሄልሜቱን፣ ጫማውን፣ ጓንቱን ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ከአበልሽ የሚቆረጥ አይደለም። የናይለን ልብስና ጌጣ ጌጥ እዚያ ግቢ አይገባም፣ ሻርፕሽንም ውስጥ አድርጊው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ደውዬ ስለ ቴምፖው ነገርኳቸው፤ ኦሪጂናሉን አይተው ኮፒ ለመያዝ ተስማምተዋል። የፔሮሉን ጉዳይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር እንነጋገራለን ብለዋል። ሰርቪስ እስከ ጀሞ አለ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሠልጣኝ ሆኜ ምን ያህል ነው መንካት የሚፈቀድልኝ? ዳር ቆሜ እንዳልቀርም እፈራለሁ፣ መግባቱንም እፈራለሁ።

ጡረተኛው (ከአቃቂ)፦
ልጄ፣ ሁለቱም ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ዕድሜዬን በመስመርና በጣቢያ ላይ ስላሳለፍኩ ልንገርሽ። የተቋረጠ መስመር ሁሉ የሞተ መስመር አይደለም። አጠገቡ በጭነት ላይ ያለ ሌላ መስመር ካለ በኢንዳክሽን ቮልቴጅ ይገባበታል። ስለዚህ ይቋረጣል፣ ይቆለፋል፣ በመለኪያ ይረጋገጣል፣ ኧርዝ ይደረጋል፣ ይታጠራል። ከዚያ የሥራ ፈቃዱ በጽሑፍ ይወጣል። ፈቃዱ ላይ ስምሽ ከሌለ አትግቢ። ኧርዙን ከሥራ ቦታሽ ሆነሽ በዓይንሽ ካላየሽው አትንኪ። በዚህ ልክ የተሠራ ቦታ ላይ ግን በልበ ሙሉነት እጅሽን አስገቢ፤ ቁልፍ አሥሪ፣ ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ያዢ፣ ንባቡን አንቺ መዝግቢ። ዳር የሚቀረው የማይጠይቅ ሠልጣኝ ነው።

ግቢው ላይ ጠጠር የተነጠፈው ለውበት አይደለም። ፎልት (የኤሌክትሪክ ብልሽት) ሲፈጠር በምድሩ ላይ በሁለት እግርሽ መካከል የሚመጣውን ቮልቴጅ እንዲቋቋም ነው፤ ጠጠሩ ጭቃ ውጦት ካየሽ ለኃላፊው ንገሪ። መሰላልና ረጅም ብረት ተጋድሞ ለሁለት ሰው ነው የሚያዘው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዣንጥላ ይዘሽ ወደ ስዊችያርድ (ዕቃዎቹ ወደቆሙበት ግቢ) እንዳትገቢ፤ የዝናብ ካፖርት ያዢ።

ጊዜ ስታገኚ ከአቃቂ ወጣ ብሎ ያለውን የአባ ሳሙኤልን ኃይል ማመንጫ አስፈቅደሽ እዪ። 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነው፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከርሞ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ተነሣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ኃይሉ በ500 ኪሎቮልት መስመር ሆለታ ድረስ ይመጣል። ከዚያች ትንሽ ጣቢያ ተነሥቶ እዚህ ለደረሰ ሥራ እናንተ ናችሁ ተረካቢዎቹ፤ እኔን ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ጠያቂዋ፦
አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ለእናቴ አነበብኩላት፤ «የሥራ ፈቃድ» የሚባል ነገር መኖሩን ስትሰማ ትንሽ ቀለል አላት። የመጀመሪያው ሳምንት ምን ይዤ ልግባ?

የሪሌይ ሰው፦
ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ያዢ። የጣቢያውን ሲንግል ላይን ዲያግራም (ዕቃዎቹ እንዴት እንደተገናኙ የሚያሳየውን ሥዕል) ጠይቀሽ አንዱን ኮፒ ውሰጂና ግቢውን እየዞርሽ እያንዳንዱን ዕቃ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ፤ የስም ሰሌዳውን ጻፊ። የሠራሽውን በየሳምንቱ ለሱፐርቫይዘርሽ አስፈርሚ። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ለማውጣት ስትነሺ ምን ሠራሽ ተብለሽ ትጠየቂያለሽ፤ ያ ደብተር ያኔ ይመልስልሻል። የፔሮሉ መልስ ምን እንደሆነ እዚሁ ጻፊልን፤ በጽሑፍ ካልሰጡሽ አትጀምሪ።