ድርጅታችን ላልታሰበ ችግር የሚዘጋጀው ከምን ጀምሮ ነው?

ጥያቄ፦
የታሸጉ ምርቶችን በሚያከፋፍል መካከለኛ ድርጅት ውስጥ በአስተዳደር ክፍል እሠራለሁ። እሳት ቢነሳ፣ ኮምፒውተሮቻችን ቢጠቁ ወይም ዋናው አቅራቢያችን ዕቃ ማቅረብ ቢያቋርጥ ምን እንደምናደርግ የሚገልጽ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ሥራ አስኪያጃችን አዘዋል። ያገኘኋቸው ናሙናዎች እጅግ ረጃጅም በመሆናቸው በችግር ሰዓት የሚያነባቸው ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከሥራ ቀጣይነት ባለሙያ፦
አደጋዎችን በመዘርዘር አይጀምሩ፤ ዝርዝሩ አያልቅም። መጀመሪያ የትኛው ሥራ ለምን ያህል ጊዜ ቢቆም ድርጅቱ ሊቋቋመው እንደሚችል ይለዩ። ትዕዛዝ መቀበልና ዕቃ መጫን ከአንድ ቀን በላይ ሲቋረጥ ደንበኛ የሚሸሽ ከሆነ፣ የሠራተኞች ምዘና ግን አንድ ወር ቢዘገይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌለ፣ ገንዘቡና ጉልበቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከዚያው ይታያል። አይኤስኦ 22301 የተሰኘው ዓለም አቀፍ የሥራ ቀጣይነት መስፈርትም ይህን ትንተና ግዴታ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የውሳኔ ሥልጣንን ይወስኑ። በእኔ እምነት ብዙ ዕቅዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ባይገኙ የተበላሸ ምርት ከገበያ እንዲሰበሰብ ማን ያዛል? አስቸኳይ ክፍያ ማን ይፈርማል? ለእያንዳንዱ ኃላፊ ተተኪ ይሰየም፤ ተተኪውም ያለ ተጨማሪ ፈቃድ እስከ ምን ድረስ መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር።

መልስ፣ ከግዥ ባለሙያ፦
ስለ አቅራቢ ላነሡት፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በፊሊፕስ ኩባንያ የቺፕ (የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ጥቃቅን ክፍል) ፋብሪካ የደረሰውን ቃጠሎ ይመልከቱ። እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ጭሱና ውሃው ፍጹም ንጹሕ መሆን የሚገባቸውን የማምረቻ ክፍሎች በከላቸው። ከፋብሪካው ቺፕ ይገዙ ከነበሩት ሁለት የሞባይል ስልክ አምራቾች ኖኪያ የቺፕ አቅርቦቱ መዘግየቱን እንዳወቀ ጉዳዩን በቀጥታ ለበላይ አመራሩ አቅርቦ የሌሎች ፋብሪካዎችን የማምረት አቅም ቀድሞ ያዘ፤ ኤሪክሰን ግን ለአስፈላጊ ቺፖቹ ሌላ አቅራቢ ስላልነበረውና ዘግይቶ ስለተንቀሳቀሰ ከፍተኛ ኪሳራ ደረሰበት። ስለዚህ ሁለተኛ አቅራቢ ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ በትንሹም ቢሆን አሁኑኑ ይግዙት፣ ምክንያቱም እጥረት ሲመጣ ቅድሚያ የሚያገኘው ነባር ደንበኛ ነው።

መልስ፣ ከኮምፒውተር ባለሙያ፦
መጠባበቂያ ቅጂ አለን ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከኔትወርኩ የተለየ ቅጂ ሊኖር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የመርከብ ጭነት ኩባንያውን የሜርስክን ኔትወርክ ሲያወድም፣ የተጠቃሚዎችን መለያ የሚያስተዳድሩት ሰርቨሮች እርስ በርስ የተገናኙ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና ውስጥ መብራት በመቋረጡ ከኔትወርኩ ውጭ የነበረው አንዱ ብቻ ነበር። ቅጂው በትክክል መመለሱንም በየጊዜው ይሞክሩ።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ለደንበኞችስ መቼና ምን እንበል?

መልስ፣ ከሥራ ቀጣይነት ባለሙያ፦
ሙሉው መረጃ እስኪሰበሰብ አይጠብቁ። የተረጋገጠውን፣ ገና በመጣራት ላይ ያለውንና ቀጣዩን መግለጫ የምትሰጡበትን ሰዓት የያዘ አጭር መልእክት በአንድ ሰው አማካይነት ይውጣ፤ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ የተባለው ሰዓት ይከበር። የደንበኞችንና የኃላፊዎችን ስልክ ደግሞ በወረቀት አትማችሁ ከቢሮ ውጭም አስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ዝርዝሩም አብሮ ይዘጋልና።