አርሎጊን ሶርስ ኮድ ውስጥ ያለው የ1024 ነገር ምንድነው?

ጀማሪ_ሲ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የድሮውን የቢኤስዲ (የዩኒክስ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሶርስ ኮድ እያነበብኩ ነው። የአርሎጊን (በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን መግቢያ ፕሮግራም) ሰርቨር ጋ ስደርስ ግራ ገባኝ። ገና ግንኙነቱ እንደተከፈተ የክላየንቱን ፖርት (ግንኙነቱ የመጣበትን የበር ቁጥር) ያያል። ከ512 በታች፣ ወይም 1024ና ከዚያ በላይ ከሆነ ያባርረዋል። ካለፈ በኋላ ማሽኑና ተጠቃሚው አርሆስትስ ፋይል (የሚታመኑ ማሽኖችና ተጠቃሚዎች ዝርዝር) ውስጥ ካሉ ያለ ፓስወርድ ያስገባዋል። የፖርት ቁጥር እንዴት መታወቂያ ይሆናል?

የሰርቨር_ዘበኛ፦ ዩኒክስ ላይ በተለምዶ ከ1024 በታች ፖርት መያዝ የሚችለው ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ብቻ ነው። ኮዱ «ወዲያ ማዶ ያለው ፕሮግራም የሩት ስለሆነ የተጠቃሚውን ስም አይዋሽም» ብሎ ያምናል። 4.2ቢኤስዲ በ1983 ሲወጣ ይሄ ያስኬድ ነበር። ማሽኑ ብዙ ሰው የሚጋራው ትልቅ ቫክስ ኮምፒውተር ነው፤ የሩት ፓስወርድም ያለው ጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ዛሬ ግን በገዛ ላፕቶፕህ ሩቱ አንተው ነህ። «ማነው?» ሲባሉ «እኔ ነኝ» ብሎ እንደመግባት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ሰርቨር ተረክቤ የሩት አርሆስትስ ፋይል 4 ባይት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ከፈትኩት። ሁለት የመደመር ምልክት፣ መሃላቸው ክፍተት። ከየትም ማሽን፣ ማንም ይግባ ማለት ነው! ለካ ባክአፕ እንዲሠራላቸው ነው እንዲህ የጻፉት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ፔንግዊን፦ የ1994ቱንም ጉድ አንብበው። ሰርቨሩ የተቀበለውን ስም እንዳለ ለሎጊን ፕሮግራም ያቀብላል። አንዱ ስሙን «ሰረዝ ኤፍ ሩት» (-froot) ብሎ ቢልክ፣ ሎጊን እንደ ስም ሳይሆን «ይሄ ሰው ተረጋግጧል» እንደሚል ኦፕሽን ያነበዋል። ኤአይኤክስ በሚባለው የአይቢኤም ዩኒክስ ላይ እንዲህ ሩት ይገባ ነበር።

ጀማሪ_ሲ፦ አርሎጊንን በተካው በኤስኤስኤች ይሄ ሁሉ ቀረ ማለት ነው?

የሰርቨር_ዘበኛ፦ ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን በ1995 በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲጽፈው መነሻው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የተሰረቀ ፓስወርድ ነበር። ቁልፍ እንጂ ፖርት አያምንም። የአርሆስትስ ርዝራዥ ግን አሁንም አለ። የሰርቨሩን ኮንፊግ ከፍተህ «ኢግኖር አርሆስትስ» (አርሆስትስን አትይ) የሚለውን ፈልግ።

ጀማሪ_ሲ፦ አገኘሁት! ግን ፊቱ ላይ ሃሽ (#) አለ። ጠፍቷል እንዴ?

የሰርቨር_ዘበኛ፦ አይዞህ፣ አልጠፋም። እዚያ ፋይል ላይ ሃሽ ያለበት መስመር የሚያሳየው ምንም ሳትነካ በራሱ የሚሠራበትን ነባሪ ምርጫ ነው። እንዳለ ተወው።