መሬቱን በካሽ ተከራይቼ የማርሰው እኔ፣ የመንግስት ድጎማው የማን ነው?

ሹፌሩ ገበሬ፦
ሰላም ወገኖች። ምዕራብ ካንሳስ 80 ኤከር መሬት በካሽ ተከራይቻለሁ፣ ትራክ እየነዳሁ ባጠራቀምኳት ብር ነው፣ ጤፍ ልሞክርበት ብዬ። ድሮ ስንዴ ነበር የሚዘራበት። ኪራዩን ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ባለመሬቱ መሬቱ የኔ ስለሆነ ከመንግስት የሚመጣው ክፍያም የኔ ነው ይለኛል። ሊዙ አንዲት ገፅ ናት፣ ስለ ድጎማ ምንም አይልም። ዘሩ የኔ፣ ናፍጣው የኔ፣ በረዶ ቢመታው የምከስረው እኔ። ደሞ ጤፍ ድጎማ አለው እንዴ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የስንዴ አገር፦
ወንድሜ በካሽ ከተከራየህ ክፍያው ያንተ ነው። ሕጉ የሚያየው ቢከስር የሚከስረው ማነው የሚለውን ነው እንጂ ካርታው በማን ስም ነው አይልም። እንደኛ አገር የእኩል ወይ የሲሶ ቢሆን ኖሮ ለሁለታችሁም በየድርሻችሁ ይከፈል ነበር። አሁኑኑ ሊዝህን ይዘህ ካውንቲው ያለው የኤፍኤስኤ ቢሮ (የመንግስት የእርሻ ድጎማ ቢሮ) ሂድና ስምህ ፋይሉ ላይ እንዲገባ አድርግ፣ ከላይ የተነሳ የመሬቱን ፎቶ አትመው ይሰጡሃል፣ እያንዳንዱ ማሳ በመስመር ተከቦ ቁጥር አለው። ከዛ "ቤዝ ኤከር" ስንት እንዳለው ጠይቅ፣ ድሮ በተዘራበት ሰብል ተቆጥሮ በመሬቱ ላይ የተመዘገበ ኤከር ማለት ነው። ክፍያው የሚታሰበው በሱ ነው፣ ዘንድሮ በዘራኸው አይደለም። የስንዴ ቤዝ ካለው አንተ ጤፍ ብትዘራም የሚታሰብልህ በስንዴ ነው። ፒኤልሲ በሚባለው የዋጋ ማካካሻ ከሆነ የስንዴ የዓመቱ አማካይ ዋጋ ሕጉ ካስቀመጠው መነሻ ዋጋ ሲወርድ ልዩነቱን በቤዙ 85 ፐርሰንት ላይ ይከፍላሉ፣ መነሻው በ2025ቱ ሕግ በቡሼል ከ5.50 ወደ 6.35 ዶላር ከፍ ብሏል። ዋጋው ካልወረደ ግን ምንም የለም፣ ቢኖርም የሚገባልህ በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ነው፣ ስለዚህ ለናፍጣ ብለህ እንዳትጠብቀው።

የጤፍ እናት፦
ጤፉ ራሱ ድጎማው የሚታሰብባቸው ሰብሎች ዝርዝር ውስጥ የለም የኔ ወንድም። ላንተ የሚሆነው ናፕ የሚሉት ነው፣ ኢንሹራንስ ለማይሸጥላቸው ሰብሎች። መመዝገቢያው 325 ዶላር ነው፣ ገበሬ ከሆንክ 10 ዓመት ካልሞላህ ግን ለመነሻው ሽፋን አያስከፍሉህም፣ ጀማሪ ነኝ ብለህ ፎርሙን ሙላ። የሚሸፍነው ግን ከምርትህ ከግማሽ በላይ ሲጠፋ ነው። ደሞ ከመዝራትህ በፊት ነው የሚመዘገበው፣ እኔ አርፍጄ ሄጄ አንድ ዓመት ሙሉ አምልጦኛል፣ በዛው ዓመት ነፋስ አጋደመብኝ። ከዘራህ በኋላም የዘራኸውን ኤከር እስከ ጁላይ 15 ማስመዝገብ እንዳትረሳ።

ዳር ቆሞ ተመልካች፦
ሁሉም ልክ ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ዘንድሮ ክፍያውን ብትወስድበት ሰውዬው ለከርሞ ኪራዩ ላይ ይጨምርብሃል፣ እኛ ካውንቲ እንደዛ ነው የሚያደርጉት። የምትችል ከሆነ የሦስት ዓመት ሊዝ ዋጋው ተቆርጦ በጽሁፍ ተፈራረም።

ሹፌሩ ገበሬ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ገና አልዘራሁም፣ ሰኞ ጭነት አልወስድም ቢሮው እሄዳለሁ። የጤፍ እናት፣ ነፋስ አጋደመብኝ ያልሽው ዩሪያ በዝቶበት ነው ወይስ ዘሩ ጠቅጥቆ?

የጤፍ እናት፦
ዩሪያው ነው። ለስንዴ የሚያደርጉትን ያህል አድርጌበት ነበር፣ ጤፍ ያን ያህል አይችልም።