አልካሊነቱ ከፍ ብሎ ይወጣብኛል፤ አሲዱን ልድፋው?

የባሕር ዳሯ፦ እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ሐዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ከካኔኦሄ ወሽመጥ የቀዳሁትን ውሃ አልካሊነት እየለካሁ ነው። ከወሽመጡ ውጭ ያለው ውሃ 2,300 ማይክሮሞል አካባቢ መሆን ሲገባው 2,356 ይላል። ከኮራሉ በላይ የቀዳሁት 2,290፣ ሦስተኛው ጠርሙስ ደግሞ 2,410! ኮራል አልካሊነትን ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል እንዴ? ናሙናው ላይ ጠብ እያደረግሁ የምለካበትን አሲድ ያዘጋጀሁት ትናንት ነው። ልድፋው? ነገ ጠዋት ቁጥሩን ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ።

አሣ ወዳዱ፣ ዱባይ፦ ወንድሜ፣ እኔ ቤት ያለው የጨው ውሃ የአሣ ገንዳ አልካሊነቱ ሲወርድብኝ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ እጨምራለሁ። ፍቱን ነው።

የባሕር ዳሯ፦ እኅት ነኝ። ደግሞም የወረደብኝ ሳይሆን የወጣብኝ ነው። ውቅያኖሱን ለመለካት እንጂ ለማከም አልመጣሁም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከመቸኮልሽ በፊት መሠረቱን እንያዝ። አልካሊነት ፒኤች (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) አይደለም፤ ውሃው ምን ያህል አሲድ ችሎ ይቀበላል የሚለው ነው። ለባሕር ውሃ ይህን ዐቅም በዋናነት የሚሰጡት ባይካርቦኔትና ካርቦኔት ናቸው፤ ቦሬትም ጥቂት ያግዛል። ኮራል አንድ ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ሲገነባ ሁለት ሞል አልካሊነት ከውሃው ይወስዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቢገባ ወይም ቢወጣ ግን አልካሊነቱ ንቅንቅ አይልም። እኛ በጊዜያችን ይህን ሁሉ ጠብታ እየቆጠርን በእጃችን ነበር የምንሠራው፤ የዛሬ ልጆች አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትቀመጣላችሁ።

ዘኢላት፦ እኛ ዘንድ ቀይ ባሕር ዳር 2,500 አካባቢ የተለመደ ነው፤ ትነቱ ብዙ ስለሆነ ጨዋማነቱ በኪሎግራም ውሃ ከ40 ግራም ያልፋል። የአንቺ ስንት ነው? ጨዋማነቱን ሳትነግሪን እንዴት እንፍረድ?

ባፈር፦ ፒኤች የሚለካውን ኤሌክትሮድ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆነ ባፈር (ማስተካከያ ፈሳሽ) እንደገና አስተካክዪው።

ተሟጋቹ፦ ኮራል ባለበት ሁሉ ይቀንሳል ያለሽ ማን ነው? ሌሊት ሌሊት ካርቦኔቱ መልሶ ሊሟሟ ይችላል። እሳተ ገሞራ በሠራው ደሴት ላይ ደግሞ ከባሕሩ ሥር የሚፈልቅ የከርሰ ምድር ውሃ አለ፤ በባዛልቱ (በእሳተ ገሞራው ድንጋይ) ውስጥ ሲያልፍ ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። ምናልባት መሣሪያሽ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ግምትሽ ነው።

የባሕር ዳሯ፦ ጨዋማነቱ 35 ነው። ከወሽመጡ ውጭ ያን ያህል የከርሰ ምድር ውሃ አይደርስም። ደግሞ ከካሊፎርኒያ፣ ከስክሪፕስ የባሕር ምርምር ተቋም የሚመጣው፣ አልካሊነቱ አስቀድሞ የታወቀው ማመሳከሪያ ውሃም ከፍ ብሎብኛል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 2,218 ነው፤ እኔ ያገኘሁት 2,268። ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ባፈር፦ ኤሌክትሮዱን አስተካከልሽው?

ሚዛን፦ ዋናውን ነገር እኮ መጨረሻ ላይ ነገርሽን! ናሙናውን መዝነሽ ነው ወይስ በፒፔት (በሚሊ ሊትር በሚለካ መቅጃ ቱቦ) ቀድተሽ?

የባሕር ዳሯ፦ በፒፔት፣ 50 ሚሊ ሊትር። ለምን?

ሚዛን፦ ማመሳከሪያው አልተበላሸም፤ ሕይወት ያለው ነገር እንዳይለውጠው ሜርኩሪ ክሎራይድ ተጨምሮበታል። 2,268ን ለ2,218 አካፍዪው፤ 1.0225 ይሆናል። የባሕር ውሃ እፍግታ በላቦራቶሪ ሙቀት እዚያው አካባቢ ነው። አንቺ ያሰላሽው በሊትር ነው፤ የጠርሙሱ ቁጥር ግን በኪሎግራም ነው። 50 ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ከ51 ግራም በላይ ይመዝናል። 35 ጨዋማነት ላለው ውሃ በ1.0233 ብታካፍዪ 2,356 ወደ 2,302 ይወርዳል፣ 2,290 ደግሞ ወደ 2,238። ኮራሉም ሥራውን እየሠራ ነው። አሲዱን እንዳትደፊው። 2,410 ግን በማካፈል አይድንም፤ ውሃው ደፍርሶ ነበር?

የባሕር ዳሯ፦ ወይ ጉድ! አዎ፣ የቀዳሁት ማዕበል በነበረበት ዕለት ነው። ጠርሙሱ ሥር ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ተቀምጦ ነበር፤ እንዲዋሐድ ብዬ በደንብ ነቀነቅሁት።

ሚዛን፦ ኖራ የመሰለሽ ራሱ ካርቦኔት ነው፣ የኮራል ደቃቅ አሸዋ። አሲዱ ሲደርስበት ሟሙቶ ከውሃው ጋር ተቆጠረልሽ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረ ካለ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፈሽ እንደገና ለኪ። ከሌለ ቁጥሩን ከነምክንያቱ ጽፈሽ ለብቻው አስቀምጪው።

አሣ ወዳዱ፣ ዱባይ፦ የእኔ ገንዳ የአልካሊነት መለኪያ 8 ዲግሪ ይላል። በእናንተ ቁጥር ስንት ነው?

ሚዛን፦ አንዱ ዲግሪ በሊትር 357 ማይክሮሞል ነው፤ ስለዚህ 2,856። ውቅያኖሱ ስድስት ተኩል አካባቢ ነው፤ አንተ አልፈኸዋል።

ተሟጋቹ፦ የከርሰ ምድር ውሃው ጉዳይ ግን አልተመለሰም።

ባፈር፦ ኤሌክትሮዱስ?

ዘኢላት (ከአሥር ቀን በኋላ)፦ የባሕር ዳሯ፣ የተጣራው ስንት ወጣ? አማካሪሽስ ምን አሉ?