የመጪው ዓመት የወላጆች መዋጮ፤ ረቂቁ ላይ የቀሩ ነጥቦች

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመግባቱ በፊት የመሰብሰቢያውን ወቅት እንቁረጥ። ነሐሴ መጨረሻ፣ ምዝገባ ላይ መጠየቅ አይሆንም። ያኔ ጤፉ ማሳ ላይ ነው፤ ገበሬው ገንዘቡን በማዳበሪያ ጨርሷል። አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ ጥር ላይ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ በወቅቱ እስማማለሁ፤ ለእኔ ግን ቦታውም ይብሳል። «በፈቃድ» እየተባለ መዝጋቢው ፊት የሚጠየቅ ገንዘብ ፈቃድ አይደለም፤ ወላጁ ልጁ እንዳይመለስበት ነው የሚከፍለው። መዝጋቢ መምህር ብር አይንካ። ደረሰኙን ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) በሌላ ቀን ይቁረጥ፣ ብሩ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ባንክ ይግባ። የውጤት ካርድና መሸኛ በመዋጮ ምክንያት እንደማይያዝ አንድ አንቀጽ ለብቻው ይጻፍ። ያለዚህ አንቀጽ ቀሪው ሁሉ ወረቀት ነው።

ርእሰ መምህር፦ ጥሩ፣ ግን የዘበኛው ደመወዝስ? ያለፈው መዋጮ እስከ ነሐሴ ነው የሚያደርሰን። በወር 3,000 ብር ብንይዝ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 12,000 ይጎድላል።

ገንዘብ ያዥ፦ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። የግቢው ሣር ጨረታ መስከረም ላይ ይውጣ፤ ካልሞላ ከባሕር ዛፉ ይጨመር። ከዚያ በኋላ መዋጮው ከጥር እስከ ጥር ይሄዳል። ስሌቱ፦ 420 አባወራና እማወራ በ150 ብር 63,000 ነው፤ እቅዱ ግን በዚህ አይሠራ። በፈቃድ ከሆነ የማይከፍል ይኖራል። 60 በመቶ ብንይዝ 37,800፤ የዘበኛው የዓመት 36,000 ሲነሣ 1,800 ይተርፋል። ዴስክ ጥገና በጥሬ ገንዘብ አይታሰብም።

የወላጆች ተወካይ፦ በተማሪ ሳይሆን በቤት መሆኑ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ሦስት ልጅ ያለው ሦስት ጊዜ አይከፍልም። ሁለት ነገር ልጨምር። አቅም የሌለው ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ያምጣ የሚለው ይውጣ፤ ማስረጃ ፍለጋ ከሚመላለስ ተበድሮ የሚከፍል ይበዛል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም ድምሩና ወጪው እንጂ የከፋይ ስም አይለጠፍ፤ የጎደለው ስም ወዲያው ይታወቃል።

ጥገናውን በዓይነት እናድርገው። ለዴስክ የሚሰጥ ባሕር ዛፍ ተልጦ፣ ጥላ ውስጥ ተነባብሮ ይድረቅ። እርጥቡን ከመቱት ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። እህል የሚሰጥ ካለ በሳምንቱ ይሸጥ፤ ነቀዝ ከገባው ግማሽ ዋጋ አያወጣም።

ንብረት ክፍል፦ በዓይነት የሚገባው ሁሉ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ እንጨቱ በቁጥር፣ እህሉ በኪሎ። «አንድ ጭነት» ተብሎ የተመዘገበ ነገር ኦዲት ላይ መልስ የለውም።

ሰብሳቢ፦ ወቅቱ፣ ቦታውና የካርዱ አንቀጽ ገብተዋል። የድህነት ማስረጃው ወጥቷል። የቀረው 150ው ነው፦ ቁጥር ከተጻፈ ተመን ይመስላል፣ ካልተጻፈ ደግሞ ወላጁ ስንት እንደሚበቃ አያውቅም። እኔ «የዘበኛው ወጪ ለአንድ ቤት ሲካፈል ወደ 86 ብር ይደርሳል» ብለን ወጪውን ብቻ እንጻፍ ባይ ነኝ። የምትቃወሙ እስከ ዓርብ ጻፉ።