ተከትክቶ የሚመጣ ድርቆሽ ጥራቱ በምን ይታወቃል?

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ በጋሪ ነው የምተዳደረው። በቅርብ ሣር ስለጠፋ በማሽን ተከትክቶ፣ ሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ጥቁር፣ ጣፋጭ ዝልግልግ ፈሳሽ) ተቀላቅሎበት በጆንያ የሚመጣውን ድርቆሽ ለፈረሴ እየገዛሁ ነው። ሳይከተከት ሲመጣ ቅጠሉ መብዛቱን፣ ሣሩ ሳይጃጅ መታጨዱን በዓይኔ አያለሁ፤ ይሄኛው ግን ምኑም አይለይም። ሞላሰሱም ቀለሙንና ሽታውን ይሸፍነዋል።

አሁን የፈታሁት ጆንያ ላዩ ደረቅ ነው። እጄን ወደ መሀል ስሰድ ግን ይሞቃል፤ እፍኝ ጨብጬ ስለቀው እንደተጣበቀ ይቀራል፤ ሲራገፍ ነጭ ብናኝ ይነሳል። ፈረሱ አሽትቶ ተወው፣ ደረቅ ሳልም ጀምሮታል። ፈረስ እንደ ሰው አያስታውክም፤ የሻገተ ከበላ የሆድ ቁርጠቱ ሊገድለው ስለሚችል ለጊዜው የጤፍ ጭድ ብቻ ነው የምሰጠው። በጭድ ብቻ ደግሞ ጋሪ መጎተት ይከብደዋል፣ በጣም ያሳዝነኛል።

ነጩ ብናኝ ሻጋታ ይሁን የሣሩ ትቢያ በምን ልለየው? ነጋዴው «ፀሐይ ላይ አስጣው» ይላል፤ አንዴ የሻገተ በፀሐይ ይድናል እንዴ? ውሃ ብረጭበት ትቢያውን ያበርዳል፣ ሻጋታውንስ? ሌሎቹን ጆንያዎች ገና አልፈታሁም። የእንስሳት ሐኪሞችና ፈረስ ያሳደጋችሁ፣ ከመግዛቴ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ የምፈትሽበትን ዘዴ እባካችሁ ንገሩኝ።