ጥቆማ፦ የ2020 ወይስ የ2021 ሱፕራ? የሞተሩ ለውጥ ምርጫውን ይወስናል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ባለ ሦስት ሊትር ቶዮታ ጂአር ሱፕራ ለመግዛት አስቤ በ2020 እና በ2021 ሞዴል መካከል መወሰን አቅቶኛል። ሁለቱም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካው ለመጀመሪያው 335፣ ለሁለተኛው 382 የፈረስ ጉልበት ሰጥቷቸዋል፤ ቶርኩ (የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል) ግን ከ495 ወደ 499 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው ያደገው። ጉልበቱ ይህን ያህል ሲጨምር ቶርኩ ለምን ባለበት ቀረ? ለውጡ የኮምፒውተር ማስተካከያ ብቻ ነው ወይስ የሞተሩ አካል ተቀይሯል? መኪናውን በአብዛኛው ለመንገድ፣ አልፎ አልፎ ለውድድር ሜዳ እጠቀምበታለሁ። ወደፊትም ጉልበት ላስጨምርበት እፈልጋለሁ።

ባለ ስድስት ቀዳዳ
የሞተሩ አካል ተቀይሯል፤ ለውጡም የኮምፒውተር ማስተካከያ ብቻ ነው ብለው የሚጽፉ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ ጥልቅ ነው። በ2020ው ሞተር ከስድስቱ ሲሊንደሮች የሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ እዚያው ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ተገናኝቶ በሁለት ቀዳዳ ብቻ ወደ ቱርቦው (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ ወደሚያስገባው መሣሪያ) ያልፋል። በ2021ዱ ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መውጫ አለው፤ ጋዙ የሚገናኘው ከቴስታታው ውጭ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ባለው አዲስ ማኒፎልድ (የጋዝ መሰብሰቢያ ቧንቧ) ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ቴስታታውና የማቀዝቀዣው ውሃ የሚሸከሙት ሙቀት ይቀንሳል። ከዚህ ጋር ፒስተኖቹ በአዲስ ቅርጽ ተሠርተው የኮምፕሬሽን ምጣኔው (ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር የሚታመቅበት መጠን) ከ11 ለ 1 ወደ 10.2 ለ 1 ወርዷል፤ ይህ ደግሞ ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ ሳያንኳኳ የቱርቦውን ግፊት ለመጨመር ቦታ ይሰጣል።

ቶርኩ ባለበት የቀረ የሚመስለው ከፍተኛው ቁጥር ብቻ ስለሚጻፍ ነው። የ2020ው ከፍተኛ ቶርኩን ከ1,600 እስከ 4,500 ዙር በደቂቃ ይይዛል፤ የ2021ዱ ደግሞ ከ1,800 እስከ 5,000። የፈረስ ጉልበት የቶርክና የዙር ብዜት ስለሆነ ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱም ከፍተኛ ጉልበታቸውን እስከ 6,500 ዙር እንደሚይዙ ፋብሪካው ስለሚገልጽ ስሌቱን እዚያ ነጥብ ላይ ብንሠራው፣ የ2020ው ወደ 367 ኒውተን ሜትር ሲወርድ የ2021ዱ 418 ገደማ ይዞ ይቆያል። በከተማ መንገድ ይህ ልዩነት ብዙም አይሰማም፤ እንዲያውም የ2020ው ከታች ትንሽ ቀድሞ ይነሳል። በውድድር ሜዳ ረጅም ቀጥታ መስመር ላይ ግን ማርሹ ከመቀየሩ በፊት በግልጽ ይታወቃል። ከቆመበት ተነሥቶ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስም ፋብሪካው ለመጀመሪያው 4.1፣ ለሁለተኛው 3.9 ሰከንድ ሰጥቷል።

ሦስተኛው ፔዳል
ሁለቱንም ይተዉአቸውና የ2023 ሞዴልን ይፈልጉ፤ ማንዋል ካምቢዮ የመጣው በእርሱ ነው። ስምንት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ፈጣን መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን እግሬ ፍሪሲዮን ካልረገጠ የስፖርት መኪና እየነዳሁ መሆኔን ልቤ አይቀበለውም።

የማታ ሾፌር
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ክብደት የሚያሳስበው ሰው ባለ ሁለት ሊትሩንም ሊያየው ይገባል። አፍንጫው ስለሚቀል ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪውን ቶሎ ይታዘዛል፤ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው 255 የፈረስ ጉልበትም ለመንገድ የሚያንስ አይደለም።

ንጹሕ ዘይት
ጠያቂው ጉልበት ማስጨመር እንደሚፈልጉ ስለጻፉ የደረሰብኝን ልንገራቸው። የ2020 ሱፕራዬን ብዙ ሰው ወደሚያመሰግነው ጋራዥ ወስጄ የማርሚታውን የፊት ቧንቧ አስቀየርኩ፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራምም አስለወጥኩ። መኪናውን ስረከብ በዝቅተኛ ዙር እንደ ሐር ነበር። ከ4,000 ዙር በላይ ነዳጅ ስረግጥ ግን ሞተሩ ይንተባተብ ጀመር፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ በራና ጉልበቱ በቅጽበት ጠፋ። ሦስት ጊዜ ስመልሰው የሰጡኝ መልስ «ነዳጁ ጥሩ አይደለም» የሚል ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ አሳየኝ፤ ጫፋቸው በልቶ ክፍተታቸው ሰፍቷል። የቱርቦው ግፊት ሲጨምር ብልጭታው ያን ክፍተት መሻገር ስለሚያቅተው ይጠፋ ነበር። ካንዴላዎቹ ተቀይረው ክፍተታቸው ሲጠብብ ችግሩ በዚያው ቀን ቀረ። ግፊት የሚጨምር ባለሙያ ካንዴላ ሳያይ ሥራ መጀመር የለበትም፤ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በገዛ ገንዘቡ እንዳይንገላታ ነው።

ሦስተኛው ፔዳል
የትኛው ጋራዥ እንደሆነ ቢጽፉልን እኛም እንጠነቀቅ ነበር።

ንጹሕ ዘይት
ስም ማጥፋት አልፈልግም። ጉዳዩም ገና አላለቀም።

ታማኝ ደንበኛ
እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ከቦታ ቦታ ለሚዞር ሰው ነው። እኔ መኪናዬን ለአንድ መካኒክ ብቻ ነው የምሰጠው፤ እርሱም የ2020ው ሞተር የተሻለ ነው ብሎኛል። ብዙ ዓመት ስለማውቀው ከእርሱ ቃል በላይ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

የማታ ሾፌር
ንጹሕ ዘይት፣ የካንዴላው ክፍተት በመጨረሻ ስንት ሆነ? የእኔም መኪና በከፍተኛ ግፊት ላይ ተመሳሳይ ምልክት እያሳየ ነው።

ንጹሕ ዘይት
ቁጥሩ እንደ ግፊቱና እንደ ካንዴላው ዓይነት ስለሚለያይ የእኔን መቅዳት አይበጅዎትም። የሚያስተካክልልዎት ሰው በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ካንዴላዎቹን አስወጥተው ይዩአቸው፤ ጫፉ ክብ ሆኖ ከተበላ ወይም ነጩ ሸክላ ላይ ስንጥቅ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም።

ክራንክሻፍት
ጠያቂው ስለ ሁለት ሞተሮች ጠየቁ፤ አንዱ ስለ ካምቢዮ፣ ሌላው ስለ ባለ ሁለት ሊትሩ፣ ሌላው ስለ ካንዴላ መለሰላቸው። ታማኝ ደንበኛ ደግሞ የፒስተንና የማኒፎልድ ለውጥ በዝርዝር ተጽፎ እያለ «መካኒኬ ብሎኛል» ይሉናል። መካኒክዎ ለምን እንደዚያ እንዳለ አንድ ምክንያት ይጻፉልን፤ ምክንያት ከሌለ ይህ ጥቆማ ሳይሆን ወዳጅነት ነው።

ታማኝ ደንበኛ
ምክንያቱ የ2020ው ኮምፒውተር ለመክፈት ቀላል መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ማብራራት የእኔ ሥራ አይደለም፤ እርሱ ግን አልተሳሳተም።

ባለ ስድስት ቀዳዳ
ታማኝ ደንበኛ አሁን ያነሡት ነጥብ እውነት ነው፤ እኔም ከመጀመሪያው ልጽፈው የሚገባኝ ነበር። ከ2020 አጋማሽ በኋላ በተመረቱት መኪኖች የሞተሩ ኮምፒውተር የበለጠ ጥብቅ ጥበቃ ተደርጎለታል። ጉልበት ለማስጨመር መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ማስከፈት ያስፈልጋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሥራና ወጪ ነው። ስለዚህ የሻጩን «የ2021 ሞዴል ነው» የሚል ቃል ብቻ አይቀበሉ፤ የተመረተበትን ወር በሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያንብቡ።

ያም ሆኖ ይህ የ2020ውን ሞተር የተሻለ አያደርገውም፤ ለመንካት የቀለለ ነው እንጂ። መሠረቱ የሁለቱም አንድ ነው፤ ሲሊንደሮቹ በተጠናከረ የአሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ የተቀመጡ፣ ክራንክሻፍቱ በቅጥቀጣ የተሠራ፣ ቢኤምደብልዩ የሚሠራውና ቢ58 ብሎ የሚጠራው ሞተር ነው። ቢኤምደብልዩ ለአሜሪካ ባቀረበው እህት መኪና በዚ4 ኤም40አይ ላይ 382 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር የገባው ከሱፕራው ቀድሞ ነበር። በትንሽ ጭማሪ ለሚቆም ሰው የ2020ው ይበቃዋል። ትልቅ ቱርቦ አስገብቶ ጉልበቱን በብዙ ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ግን የኮምፕሬሽኑ ዝቅ ማለትና የስድስቱ ቀዳዳ ነጻ መውጫ ኮምፒውተሩን የማስከፈቱን ድካም ይክሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ክራንክሻፍት
በዚህ ላይ አንድ ልጨምር፤ የ2021ዱ ለውጥ በሞተሩ ብቻ አላበቃም። ከፊት የሾክ አብዞርበሩን መያዣ ከራዲያተሩ ድጋፍ ጋር የሚያያይዙ ቀላል የአሉሚኒየም ማጠናከሪያዎች ገብተዋል፤ ሾክ አብዞርበሮቹ፣ መሪውና የኋላው ዲፈረንሻል እንደገና ተስተካክለዋል። የ2020ው ጥግ ላይ በፍጥነት ሲገባ ጀርባው ይነቃነቅ ነበር፤ የኋለኛው በዚህ ረገድ የረጋ ነው። ለውድድር ሜዳ ይህ ለእኔ ከጉልበቱ ጭማሪ አያንስም።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ያየሁት የ2020 ሞዴል ባለቤት ትልቅ ቱርቦ ለብቻው ጨምሮ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ ቱርቦውን የገዛው ለ2021 ሞዴል አስቦ ነበር። ይህ ቱርቦ ለ2020ው ይሆናል?

ባለ ስድስት ቀዳዳ
እንዳለ አይገጥምም። የሁለቱ ቴስታታ የመውጫ ቀዳዳ ቁጥር ስለሚለያይ ቱርቦው የሚታሰርበት ማኒፎልድም ይለያያል። ቱርቦውን ለብቻው ይተዉለትና መኪናውን በራሱ ዋጋ ይደራደሩ። ከመክፈልዎ በፊት የሞተሩን መሸፈኛ አስነሥተው ካንዴላዎቹን ያስፈትሹ፤ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተለውጦ እንደሆነም ባለቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁት።